የጠረጴዛ ጠርዝ መሃሉ እንዳይላቀቅ፦ በክላምፕ ተቀጥላ የማጣበቅ ዝርዝር መመሪያ

የኮምፔንሳቶ ጠረጴዛ ሠርታችሁ፣ ዙሪያውን የዋንዛ ጠርዝ አልብሳችሁ፣ ቫርኒሽ ቀብታችሁ አስረከባችሁ። ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ይደወላል። «ጠርዙ አፉን ከፈተ» ይላል ደንበኛው። ሄዳችሁ ስታዩት ሁለቱ ጫፎች ጥብቅ ብለው ይዘዋል። መሃል ላይ ግን ክንድ የሚያህል፣ ምላጭ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ።

በእኔም ደርሷል። አንድ የጽሕፈት ጠረጴዛ በጭነት ባጃጅ ወደ ወርክሾፕ መልሼ፣ እሁዴን ሙሉ ስፍቅ ዋልኩ። ያኔ እንደማንኛውም ሰው የረገምኩት ኮላውን ነበር። ኮላው ግን ጥፋት አልነበረበትም። ጠርዙን የያዝኩት በሦስት ክላምፕ (እንጨት ነክሶ የሚይዝ በብሎን የሚጠብቅ ብረት) ብቻ ነበር፤ በክላምፖቹ መካከል ያለውን እንጨት የሚገፋው ነገር አልነበረም።

ይህ መመሪያ ቀጭን የጠርዝ እንጨት ከሰፊ ገበታ ጋር ለማጣበቅ ነው። ገበታው ኮምፔንሳቶ፣ ኤምዲኤፍ ወይም ቺፕውድ ሊሆን ይችላል። ገበታውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቅፍ ረጅም ክላምፕ እንደሌላችሁ አስቤ ነው የጻፍኩት። ብዙዎቻችን ጋ ያለው አጭሩ የእጅ ክላምፕ ነው። እሱን ከተቀጥላ ጋር አድርገን እንሠራለን።

ተቀጥላው ምን ያደርጋል?

ክላምፑ ገበታውን ከላይና ከታች ይነክሳል። የክላምፑ ብረት ከጠርዙ ውጭ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተቀጥላው በዚያ ብረትና በጠርዙ እንጨት መካከል ይገባል። ብሎኑን ስታዞሩት እንደ ትንሽ ክሪክ ይረዝምና ጠርዙን ወደ ገበታው ይገፋል። የመኪና ክሪክ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይሄኛው ወደ ጎን። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥም አለ። ሦስት ብሎን ያለው ክላምፕም አለ፤ ሁለቱ ገበታውን ይይዛሉ፣ ሦስተኛው ጠርዙን ይገፋል። ካገኛችሁ ግዙ። ካላገኛችሁ ብየዳ ቤት ይሠራላችኋል፤ ደረጃ 2 ላይ አለ።

ከሁሉ በፊት ይህን ሒሳብ ያዙ

የክላምፕ ግፊት ከሚነካበት ነጥብ ተነስቶ እንደ ጃንጥላ በ45 ዲግሪ ገደማ ወደ ግራና ቀኝ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ የጠርዙ እንጨት 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ አንድ ክላምፕ ኮላው ላይ በደንብ የሚጫነው 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሌላው እንጨት ዝም ብሎ ቆሟል።

አሁን በክላምፑና በጠርዙ መካከል 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት አስገቡ። ግፊቱ 6 ሴንቲ ሜትር ተጉዞ ነው ኮላው ጋ የሚደርሰው። የሚሸፍነው ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ይህን እንጨት ከዚህ በኋላ «አካፋይ» እለዋለሁ። ጠርዝ የሚላቀቅባቸው ሰዎች ዘንድ ሁሌ የማጣው እሱን ነው።

የግፊቱስ መጠን? ለለስላሳ እንጨት በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ7 እስከ 10 ኪሎ ይመከራል፣ ለጠንካራው ከዚያ በላይ። 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 1.8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠርዝ 216 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በ7 ኪሎ ስታባዙት 1,512 ኪሎ ይመጣል። 15 ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። በሦስት ክላምፕ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ክላምፑን ምረጡ

ክላምፕ ስትገዙ ሁላችንም የምናየው የብረቱን ርዝመት ነው። ለዚህ ሥራ ርዝመቱ ምንም አይጠቅምም። የሚያስፈልገው የመንጋጋው ጥልቀት ነው፤ ከብረቱ እስከ መንከሻው መሃል ያለው ርቀት።

ለኩት። ጠርዝ 2፣ አካፋይ 4፣ ተቀጥላ 4፤ ድምሩ 10 ሴንቲ ሜትር። ጥልቀቱ 12 ከሆነ ገበታውን የሚነክስበት 2 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ይበቃል። ጥልቀቱ 8 የሆነው ክላምፕ ግን ገበታው ጋ እንኳ አይደርስም። እሱን ለሌላ ሥራ ተዉት፣ ወይም በመጨረሻ ወደማሳያችሁ የሽብልቅ ዘዴ እለፉ።

ቁጥሩ፦ በየ12 ሴንቲ ሜትሩ አንድ። ለ120 ሴንቲ ሜትር 10 ክላምፕ። «ከየት አምጥቼ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አካፋዩ ወፍራምና ግትር ከሆነ፣ በደረጃ 3 እንደምነግራችሁም ከተላገ፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ 6 ይበቃሉ። ከዚያ በታች አትውረዱ። ከጎረቤት ወርክሾፕ ተዋሱ።

ደረጃ 2፦ ተቀጥላውን አሠሩ

ለአንዱ የሚያስፈልገው፦

• ከ4 ሚሊ ሜትር ብረት በዩ ቅርጽ የታጠፈ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ። ውስጡ የክላምፑን ብረት ሳይጨናነቅ የሚቀበል ይሁን።
• ሁለት 10 ሚሊ ዳዶ፣ ተደራርበው በዩው ጀርባ ላይ የተበየዱ።
• በ17 ቁልፍ የሚዞር አጭር 10 ሚሊ ብሎን።

ዩው ክፍት ጎኑ ወደ ክላምፑ ብረት ዞሮ ብረቱን ያቅፋል። ብሎኑ ዳዶው ውስጥ ይገባል፤ ራሱ ወደ ጠርዙ ያያል። ስትፈቱት ይረዝማል፣ ይገፋል። ዩው በራሱ ግፊት ብረቱ ላይ ስለሚጣበቅ ዙሪያውን መዘጋት አያስፈልገውም። ይህን የምለው ብዙ ብየዳ ቤት ሙሉ ቀለበት አድርጎ ስለሚሠራው ነው። ቀለበት ከሆነ ለማስገባት ክላምፑን መፍታት ግድ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለቱ ዳዶዎች ከመበየዳቸው በፊት ብሎን ገብቶባቸው ይጠበቁ። አለበለዚያ ጥርሳቸው አይገጥምም፤ ብሎኑ ግማሽ ላይ ይቆማል። ብሎኑ ራሱ እንዳይበየድ ደግሞ ዘይት ይቀባ።

ደረጃ 3፦ አካፋዩን አዘጋጁ

ቀጥ ያለ፣ ደረቅ፣ ግትር እንጨት ፈልጉ። የጠርዙን ያህል ይርዘም። 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ውፍረቱም ከጠርዙ አይነስ።

ከዚያ ጠርዙን የሚነካውን ፊት በመላጊያ ትንሽ ሆድ አውጡለት። መሃሉ ከጫፎቹ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል። ከ2 በላይ አይሁን። ጫፎቹ ሲጠብቁ መሃሉ አስቀድሞ ስለሚጫን፣ ክላምፕ ያልደረሰበትን ቦታም ይገፋል።

በዚያው ፊት ላይ ሻማ እሹበት፤ የሚፈስ ኮላ አይዘውም። ወይም ፌስታል ቆርጣችሁ ጠቅልሉት። ሻማ የነካው እጃችሁ ግን የሚጣበቀውን ፊት እንዳይነካ። ሰም ባለበት ኮላ አይዝም። እጃችሁን ታጠቡ።

ብሎኑ አካፋዩን እንዳይበሳው በመካከላቸው ትንሽ የላሜራ ቁራጭ አድርጉ።

ደረጃ 4፦ ሁለቱን ጠርዞች አስተካክሉ

ክላምፕ መጥፎ ግጥሚያን አያድንም። ለጊዜው ይደብቀዋል እንጂ። እንጨቱ ተጣሞ በጉልበት የተያዘ ከሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ቦታው ለመመለስ ይታገላል።

• የገበታውን ጠርዝ በስኳድራ ፈትሹ። 90 ዲግሪ ካልሆነ ከታች ይዞ ከላይ ይከፈታል።
• የጠርዙን እንጨት ከገበታው 2 ሚሊ ሜትር አወፍሩት፤ ከላይ 1፣ ከታች 1። ለ18 ሚሊ ገበታ 20 ሚሊ ጠርዝ። ትርፉ በኋላ ይላጋል። እኩል አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት፣ ሲጣበቅ በፀጉር ያህል ቢንሸራተት መመለሻ የለውም።
• ሁለቱን አጋጥማችሁ ከኋላቸው የስልክ መብራት አብሩ። ብርሃን ካለፈ ላጉ።
• ክፍተቱ መሃል ላይ ከሆነና ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ ግድ የለም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ክላምፑ ይዘጋዋል። ክፍተቱ ጫፍ ላይ ከሆነ ግን ሥራው አላለቀም።

ስለ እርጥበት አንድ ነገር። እኔ ወደምሠራባት አዳማ የሚመጣው ጣውላ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይልቅ ብርድና እርጥበት ካለበት አገር የተቆረጠ ነው። እዚህ ሙቀቱና ነፋሱ ያደርቀዋል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ትኩሱን ካጣበቃችሁት ጠርዙ ከገበታው ይሳሳና ጣት ስታሳልፉበት ደረጃ ይሰማችኋል። ቀጫጭን አድርጋችሁ ሰንጥቁት፣ በመካከሉ ቁርጥራጭ እያደረጋችሁ ደርድሩት፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይቆይ።

ደረጃ 5፦ ያለ ኮላ ሙሉ ልምምድ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ቀሪውን ባያነብ ይሻለዋል።

1. ገበታውን ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። የሚጣበቀው ጎን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይውጣ፤ ክላምፑ ከታች መግቢያ ይፈልጋል።
2. ጠርዙን፣ ከዚያ አካፋዩን አስጠጉ።
3. ለእያንዳንዱ የክላምፕ መንጋጋ ትንሽ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ አዘጋጁ፤ ገበታውን በሚነካው ፊት ላይ የካላማዳሪ ጎማ ለጥፉበት። ተቀጥላው ሲገፋ ክላምፑ ወደ ኋላ መሸሽ ይፈልጋል። የሚይዘው የመንጋጋው ጥብቀት ብቻ ነው። ጎማው እንዳይንሸራተት ያደርገዋል፣ ገበታውንም ከጠባሳ ያድነዋል።
4. የመሃሉን ክላምፕ መጀመሪያ እሰሩ። ተቀጥላውን አስገቡና የብሎኑን መሃል ከገበታው ውፍረት መሃል ጋር አስተካክሉ። ከፍ ካለ ጠርዙን ወደ ላይ ያዘነብለዋል፣ ዝቅ ካለ ወደ ታች። ተቀጥላው እየወረደ ካስቸገራችሁ ከሥሩ የካላማዳሪ ጎማ ብረቱ ላይ ጠምጥሙ፤ ያቆመዋል።
5. ከመሃል ወደ ጫፍ እያላችሁ ሁሉንም አጥብቁ። መብራቱን እንደገና አሳልፉ።
6. የክላምፖቹን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ቁጥር ስጧቸው። ፍቱና በቅደም ተከተል ደርድሯቸው።
7. አሁን ሰዓት ያዙና መልሳችሁ እሰሩ። ከ5 ደቂቃ በላይ ከፈጀባችሁ ድገሙት፣ ወይም ረዳት ጥሩ።

ደረጃ 6፦ ኮላ መቀባት

እዚህ ላይ አዳማ ራሷን የቻለች ችግር ናት። ነጩ የእንጨት ኮላ፣ ብዙዎቻችን ቪናቪል የምንለው፣ ተቀብቶ ክፍት የሚቆየው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ያውም ረጋ ባለ አየር። በበጋ እኩለ ቀን ላይ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ነፋሱ አቧራ ይዞ ሲገባ ከዚያ በታች ይወርዳል። ከከተማው ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች በከንቱ አልተተከሉም። ኮላው ላዩ ቆዳ ካወጣ በኋላ ብታጠብቁት የሚጣበቅ ይመስላል፤ ግን አልያዘም።

ስለዚህ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥሩ። በርና መስኮት ዝጉ። ማራገቢያ አጥፉ። መብራት ቢሄድ ግድ የለም፤ ከዚህ በኋላ ማሽን የሚፈልግ ነገር የለም።

1. ሁለቱንም ፊት በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። አንዲት የመጋዝ ብናኝ ክፍተት ትፈጥራለች።
2. ገበታው ኤምዲኤፍ ወይም ቺፕውድ ከሆነ ጠርዙ ኮላ ይጠጣል። መጀመሪያ ስስ አድርጋችሁ ቀቡትና ሁለት ደቂቃ ያህል ተዉት። ከዚያ ድገሙት። ኮምፔንሳቶ አንዴ ይበቃዋል።
3. የጠርዙን እንጨትም ስስና እኩል አድርጋችሁ ቀቡ። የእንጨቱ ቀለም በኮላው ውስጥ በስሱ ቢታይ ልክ ነው።
4. ኮላውን በውሃ አታቅጥኑ። «እንዲበረክት» ብሎ የሚያቀጥን ሠራተኛ አላጣሁም። የቀጠነው ወደ እንጨቱ ይሰርግና መገጣጠሚያው ላይ ምንም አይቀርም።
5. ጠርዙን አስቀምጡና ወዲያና ወዲህ አንድ ሁለት ጊዜ አሹት። መያዝ ሲጀምር በእጃችሁ ይሰማችኋል። እዚያው ተዉት።

ደረጃ 7፦ ማጥበቅ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አትቀያይሩት።

1. አካፋዩን አስጠጉ።
2. የመሃሉን ክላምፕ ገበታው ላይ በደንብ አጥብቁ። መጀመሪያ መንጋጋው፣ ቀጥሎ ተቀጥላው።
3. ብሎኑን በእጅ እስኪነካ አዙሩ።
4. ወደ ግራ አንድ፣ ወደ ቀኝ አንድ እያላችሁ ሁሉንም በእጅ ጥብቀት እሰሩ።
5. የጠርዙን ከፍታ በጣት ዳብሱ። 1 ሚሊ ከላይ፣ 1 ሚሊ ከታች። የሸሸ ካለ አሁን በመዶሻና በእንጨት ቁራጭ ቀስ አድርጋችሁ መልሱት።
6. አሁን በ17 ቁልፍ፣ ከመሃል ጀምራችሁ፣ እያንዳንዱን ሩብ ዙር። ቁልፉን ከጫፉ ሳይሆን ከብሎኑ አጠገብ ያዙት።
7. በመስመሩ ሙሉ ትናንሽ የኮላ ጠብታዎች እስኪወጡ ቀጥሉ። እንደ ዶቃ ተራ በተራ ከተደረደሩ ልክ ናችሁ።

የኮላው ጠብታ የሚነግራችሁን አንብቡ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካልወጣ፣ ወይ ኮላ አንሷል ወይ ግፊት አልደረሰም። እዚያ ጋ አንድ ክላምፕ ጨምሩ። በሁሉም ቦታ እየፈሰሰ መሬት ከነካ ኮላ አብዝታችኋል፤ ጉዳቱ ለኪሳችሁና ለጽዳቱ ነው።

ባዶ ብረት እርጥብ ኮላ ያለበትን እንጨት እንዳይነካ። በተለይ ታኒን (ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚጠቁር የእንጨት ንጥረ ነገር) የበዛበት እንጨት ላይ ጥቁር እድፍ ይተዋል፤ ብርጭቆ ወረቀትም በቀላሉ አያወጣውም።

ደረጃ 8፦ መጥረግና መፍታት

የወጣውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ። ወደ እንጨቱ ቀዳዳ ይገባና ቫርኒሽ ስትቀቡ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። እንደ ማስቲካ እስኪለጠጥ ጠብቁ፤ እዚህ ሙቀት ላይ ወደ 20 ደቂቃ ነው። ከዚያ በመሮ ገፍፋችሁ አንሱት። አንድ ወጥ ክር ሆኖ ይነሳል፣ ደስ ይላል።

ክላምፑን ቢያንስ አንድ ሰዓት አትፍቱ። ጠርዙን ደግሞ እስከ ነገ አትላጉ። ኮላው ውስጥ ያለው ውሃ እንጨቱን ትንሽ ያሳብጠዋል፤ አብጦ ሳለ ካስተካከላችሁት ሲደርቅ መስመሩ ላይ ይሰረጉዳል።

ክላምፕ ካነሰ፦ ሽብልቅ

ገበታውን ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። ከአንዱ ጎኑ ሞራሌ በቪቴ እሰሩና ገበታውን አስደግፉት። በሚጣበቀው ጎን በኩል ከአካፋዩ 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሌላ ሞራሌ እሰሩ። በሞራሌውና በአካፋዩ መካከል በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ጥንድ ሽብልቅ አስገቡ፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ። ከመሃል ጀምራችሁ በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። አንድ ሽብልቅ ብቻ ከሆነ አካፋዩን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ጥንድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከገበታው ሥር ፌስታል አንጥፉ፤ አለበለዚያ ገበታውን ከጠረጴዛው ጋር ታጣብቁታላችሁ። ገበታው ከላይ እንዳይነሳ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ጫኑበት።

ነገር ሲበላሽ

ክላምፑ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው። ብሎኑን አላሉ፣ መንጋጋውን አጥብቁ፣ ከዚያ ብሎኑን መልሱ። አሁንም ከሸሸ ጎማው ላይ ሰም ወይም ኮላ አለ። ቀይሩት።

ጠርዙ ኮላው ላይ ይንሸራተታል። በሚቀጥለው ጊዜ ኮላው ላይ ጥቂት የጨው ቅንጣት በትኑ። ጣት ቁንጥር እንኳ አይሞላም። ቅንጣቶቹ እንጨቱ ውስጥ ነክሰው ይይዙታል። ለዛሬው፣ ከላይና ከታች ሻማ የነካው እንጨት በክላምፕ አስራችሁ በግድ አስተካክሉት።

መሃሉ አልዘጋም፣ ኮላው እርጥብ ነው። በጉልበት አትግፉ። ፍቱት። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር መካከል ብናኝ ወይም ስንጣሪ ታገኛላችሁ። ጥረጉ፣ ትንሽ ኮላ ጨምሩ፣ መልሳችሁ እሰሩ።

መሃሉ አልዘጋም፣ ኮላው ደርቋል። ክፍተቱ ውስጥ አዲስ ኮላ ማፍሰስ ዋጋ የለውም። በደረቀው ላይ በደንብ አይዝም። የልብስ ካውያ አሙቁ፣ በጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ጠርዙን እየተጫናችሁ ተጓዙ። ነጩ ኮላ በሙቀት ይለሰልሳል። ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ በሰፊ መሮ ቀስ እያላችሁ አላቁ። ሁለቱንም ፊት እስከ ባዶ እንጨት ፍቃችሁ ከደረጃ 4 ጀምሩ። ያን እሁድ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ካውያው ግን የባለቤቴ ነበር፤ ሥሩ ላይ የቀረው ኮላ የሰኞ ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ላይ ታተመ። ለዚህ ሥራ አሮጌ ካውያ ፈልጉ።